ሚኒስትሩ ስለ መድኃኒት ሲመልሱ ተራ ያሳለፍን ጊዜ

ዛሬ ድሬ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጉድ አየሁ፦ ነርሷ «ቀጣይ!» ስትል የሚነሳ ጠፋ!

ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠናል። የጤና ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው የደም ግፊት መድኃኒት ለምን እንደሚጠፋ ሊመልሱ ነው።

መድኃኒቱ ጠፍቶባት የሰነበተችው ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ተራዋን ከኋላዋ ላለው ሰውዬ ሰጠች። «አቦ አንተ ግባ፣ እኔ መልሱን ልስማ!»

«ወላሂ አልገባም!» አለ እሱም። (ሌላ ቀን በዚሁ ተራ ነው የምንጣላው።)

ነርሷ ወጣችና በሪሞት ድምፁን አጠፋችው። «የሳቸው መልስ ማታ በዜና ይደገማል። የኔ ግን አይደገምም፦ መድኃኒቱ ዛሬ ጠዋት ገብቷል!»

አዴ ፋጡማ ተስፈንጥራ ተነሳች። «ተራው የኔ ነው አቦ!»

ሁላችንም ተከትለናት ተነሳን፤ ሚኒስትሩ ለባዶ ወንበር፣ ያለ ድምፅ፣ ማብራራታቸውን ቀጠሉ።

እናንተስ ሰፈር ጤና ጣቢያ ምን ገጠማችሁ? አውሩን እንጂ፣ ሳቅ ብለን ግፊታችን ይውረድ!