እትዬ ሚዛንና የኤሌክትሪኩ ድስት

የአውቶቡስ ጋራዡ ሠራተኞች «እትዬ ሚዛን» የሚሏት ሚዛን ስለምትይዝ አይደለም፤ ይዛ ስለማታውቅ ነው። ጨው በጣቷ፣ ዘይት በዓይኗ፣ ቅመም ደግሞ በአፍንጫዋ ነበር የምትለካው። የጋራዡ ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ሆና በኖረችባቸው ዓመታት፣ ከሾፌር እስከ ጎማ ለጣፊ ድረስ፣ ምሳው ጨው በዛበት ወይም አነሰው ብሎ ያማረረ ሰው አልተሰማም። ጠዋት በበሩ ስትገባ፣ ገና ሻርፗን ሳታወልቅ፣ «ሽንኩርቱ ሊያርርባችሁ ነው፣ አውርዱት!» ትላለች። ረዳቷ ሮጣ ስታየው እውነትም ጠርዝ ጠርዙ መጥቆር ሲጀምር ታገኘዋለች። ረዳቷ የሁለት ልጆች እናት፣ እጀ ፈጣን ግን ድንጉጥ ሴት ነበረች። «እሷ እያለች ሽንኩርት ስከትፍ ፈተና የተቀመጥኩ ይመስለኛል» እያለች ታወራ ነበር።

ጉንፋን ነው ተብሎ የጀመረው በሽታ እትዬ ሚዛንን አልጋ ላይ ጣላት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ቀስ በቀስ ተወት አደረጋት። ተነስታ ፊቷን ስትታጠብ ግን ሳሙናው ሽታ የለውም። ገልብጣ አየችው። ባሏን ጠራችው።

«ምን ዓይነት ሳሙና ነው የገዛኸው? ድንጋይ ነው እንዴ?»

ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሥራው ቀልድ ስለማይወድ ቀልዱን በሙሉ ለቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው። ሳሙናውን ተቀብሎ አሸተተና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። «ያው የድሮው ነው» አላት በቀስታ።

ኩሽና ገብታ አንድ ነጭ ሽንኩርት በቢላዋ ገጽ ጨፈለቀችና አፍንጫዋ ሥር አደረገችው። ምንም የለም። ዝንጅብል ፋቀች፤ ምንም። የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከፍታ በረጅሙ ስትስበው አፍንጫዋን ቆነጠጣት እንጂ አልሸተታትም። ሐኪሙ ካያት በኋላ አላባበላትም፦ «የማሽተት ነርቭሽ ተጎድቷል። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት አፉን ዘግቶ ይሠራ ነበር። እሷ ግን ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን መጀመሪያ የገባችው ኩሽና ሳይሆን አለቃዋ ቢሮ ነው።

«አለቃ፣ ካሁን በኋላ ሽታ የሚባል ነገር አይመጣልኝም» አለችው።

«ታዲያ ማን ያውቅብሻል? እጅሽ እንደሆነ ለምዶታል።»

«እኔ አውቃለኋ! ዘይቱ ቢበላሽ አላውቅ፣ ሥጋው ቢሸት አላውቅ። በሰው ሆድ አልቀልድም።»

ማማሰያውን ለረዳቷ አስረክባ እሷ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ማንም አላስገደዳትም። ረዳቷ ማማሰያውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ድስቱ ዞረች። እትዬ ሚዛን ግን ውሃ አሙቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የቅባት ድስት ስትፈትግ ዋለች፤ ሾፌሮቹም በመስኮቱ ሲያዩዋት ሳህናቸውን ራሳቸው አለቅልቀው ያቀብሏት ጀመር።

የከፋው የቤቱ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንች ጥዳ ሳሎን ልብስ ትተኩሳለች። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ድንቹ ከሰል ሆኗል፤ እሷ ደግሞ ጀርባዋን ለኩሽናው ሰጥታ የሸሚዝ ኮሌታ ታስተካክላለች። ባሏ ጋዙን ዘግቶ መስኮቱን ሁሉ ከፈተና ወንበር ላይ ዘጭ አለ። እሷም ድስቱን አየችው። ያን ዕለት ነው ያለቀሰችው፤ በሽታው ሲይዛት ያልወጣ እንባ ለአንድ ድስት ድንች ወጣ።

በማግስቱ ባሏ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ውስጡ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነበር፤ ከባድ የሸክላ ሆድ፣ የመስታወት ክዳን፣ ከፊቱ አንዲት ማዞሪያ።

«ይሄ አያሳርርም» አላት። «ጠዋት ጥደሽው ብትሄጂ ማታ እንደ አኮረፈ ልጅ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሻል።»

«እኔ ነኝ ያኮረፍኩት» አለች። ቢሆንም ጣደችበት። ሥጋም ጣደች፣ ምስርም ጣደች፤ ሁሉም በስሎ ይወጣል፣ ሁሉም አፏ ውስጥ እንደ ረጠበ ካርቶን ነው። ከሁሉ የሚብሰው፣ የለመደችውን ምግብ ስትቀምስ ምን መምሰል እንደነበረበት ታስታውሳለች። ስለዚህ ጉርሻዋ እየቀነሰ፣ ቀሚሷ እየሰፋት ሄደ።

ታናሽ እህቷ ልትጠይቃት ስትመጣ በሩ ላይ አይታት ክው አለች። ይህች እህት የምትሠራው አንድ ሆቴል የልብስ ንጽህና ክፍል ውስጥ ነው፤ የሆቴሉ የታይላንድ ምግብ አብሳይ ለሠራተኛው ሲያበስል አጠገቡ ቆማ ማየት ትወድ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ ኩሽናው የኔ ነው» አለችና ዘንቢሏን አራገፈች። የዶሮ ታፋ፣ የኮኮናት ወተት በቆርቆሮ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሶያ ሶስ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ቀጫጭን የሩዝ ኑድልስ።

«ይሄ ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ሊገባ ነው? ኦቾሎኒና ዶሮ ምን አገናኛቸው?»

«የታይላንዶቹ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ከነሱ ነው፣ ግማሹ ከኔ ጭንቅላት። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ድስቱ ከሰዓቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ። ማታ ሦስቱም ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ እህቷ ኑድልሱን በጎድጓዳ ሳህን አቀረበች፣ ከላይ ሎሚ ጨመቀችበት። እትዬ ሚዛን ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ ጎረሰችና ሹካዋን አየር ላይ አቆመችው።

«ምነው? አንገሸገሸሽ?» አለች እህቷ ደንግጣ።

«ቆይ፣ ቆይ... ኮመጠጠኝ!» አለች እትዬ ሚዛን። ደግማ ጎረሰች። «አሁን ደግሞ ጣፈጠኝ። ውይ፣ ቃሪያው! አቃጠለኝ እኮ!»

እያቃጠላት ትስቃለች፣ እየሳቀች ትጎርሳለች። ባሏ የራሱን ሳህን ረስቶ እሷን ያያል። ሳህኗን ጨርሳ ድገሙኝ ስትል፣ የራሱን ገፋ አደረገላት።

ያን ዕለት የገባት ነገር ከዚያ በኋላ አልለቀቃትም። የሄደባት አፍንጫዋ ነው፤ ምላሷ ግን ከሥራው አልተባረረም። ኮምጣጣ፣ ጣፋጭ፣ ጨው፣ የቃሪያ ማቃጠል፣ እነዚህ ሁሉ አሁንም የሷ ናቸው። ይህ ኑድልስ ደግሞ የቆመው በነሱ ላይ ነው። ደግሞም ከዚህ በፊት ቀምሳው ስለማታውቅ፣ ድሮ እንዲህ ነበር ብላ የምትቆዝምበት ትዝታ የለውም።

እህቷ ከሄደች በኋላ ራሷ ልትሠራው ተነሳች። መጀመሪያ ዶሮውንም፣ የኮኮናቱን ወተትም፣ ኑድልሱንም ጠዋት በአንድ ላይ ጠቅጥቃ ወደ ሥራ ሄደች። ማታ ክዳኑን ስታነሳ ኑድልስ የሚባል ነገር የለም፤ ወተቱ ተቆራርጦ፣ የቀረው ሙጫ ሆኗል። ባሏ በማንኪያ አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው።

«አትጣዪው» አላት። «ነገ የማስገባው መስኮት አለ፤ ማጣበቂያ ጨርሼ ነበር።»

በሳቅ ብቻ አላበቃችም፤ በነጋታው እንደገና ጀመረች። እየተሳሳተች ድስቱን ተማረችው። ዶሮው ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሶያ ሶሱና ከኦቾሎኒ ቅቤው ጋር ቀድሞ ይገባል፤ መብሰሉን የምታውቀው ሹካ ስታስጠጋው ሥጋው ሳይታገል ከአጥንቱ ሲለይ ነው። የኮኮናቱ ወተት ወደ መጨረሻው ላይ ይፈሳል። ኑድልሱ ለብቻው በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ በጥርስ ሲነከስ ትንሽ እምቢ እያለ ይወጣል። ሎሚው ድስቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከገባ ይመርራል። ክዳኑን በየደቂቃው ማንሳትም ተወች። የድሮዋ እትዬ ሚዛን እያሸተተች ታዝ ነበር፤ የአሁኗ ጆሮዋን ወደ ድስቱ ዘንበል አድርጋ የአረፋውን ድምፅ ትሰማለች።

ሲሰምርላት በምሳ ዕቃ ቋጥራ ወደ ጋራዡ ወሰደችው። ሳህን ማጠቢያው ጋ ቁጭ ብላ ስትበላ ረዳቷ መጣች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?»

«ያውዳል እንዴ?» አለች እትዬ ሚዛን፣ ሹካዋን አስቀምጣ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይሸታል?»

ረዳቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ዝንጅብሉ ይቀድማል። ከኋላው ኦቾሎኒው፣ እንደ ተቆላ ነገር። ከዚያ የኮኮናቱ፣ ለስለስ ያለ። ግን ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል... ይቅርታ።»

«የምን ይቅርታ ነው! በቃ፣ አፍንጫው ያንቺ፣ ምላሱ የኔ። ለሁሉም እንሥራው።»

ለጋራዡ ሕዝብ የቤቱ ድስት አይበቃም። የጋራዡን ትልቅ ብረት ድስት አነስተኛ እሳት ላይ ጥደው፣ አንዷ እያሸተተች ሌላዋ እየቀመሰች፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲከራከሩ ቆዩ። ድንጉጧ ረዳት ያን ቀን «አይሆንም፣ ዝንጅብል ይጨመር» ብላ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ፣ እትዬ ሚዛን ተደስታ ጨመረችላት።

ምሳ ሰዓት ላይ የሜካኒኮቹ አንጋፋ ሳህኑን አገላብጦ አየ። «እኔ ገመድ አልበላም» አለ ጮክ ብሎ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዴ ቀመሰ። ከዚያ በኋላ ሹካው አላረፈም። ሲጨርስ ባዶ ሳህኑን ይዞ ተመልሶ መስኮቱ ጋ ቆመ። «ገመዱ ተርፏል?» አለ፤ ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ያልወደዱትም ነበሩ፤ አንድ ሾፌር ሎሚ ያለበት ነገር ጨጓራዬን ይልጠዋል ብሎ ከጎን የተቀቀለውን ሩዝ ብቻ በላ። እትዬ ሚዛን አልተቀየመችውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሎሚውን ለብቻው ቆራርጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

አለቃው ጠርቶ ወደ ድሮ ቦታሽ ተመለሺ አላት።

«ድስቱ ጋ እመለሳለሁ፣ ቦታው ግን የሷ ነው» አለች ረዳቷን እያሳየች። «ድስት ላይ መሾም ያለበት ሽታ የሚመጣለት ሰው ነው። እኔ ከጎኗ ሆኜ እቀምሳለሁ።»

ቃሏን አላጠፈችም። አሁን ዋና አብሳይ የምትባለው ረዳቷ ናት፤ እትዬ ሚዛን ደግሞ የበታቿ ሆና ትታዘዛለች፣ ስትታዘዝም ፊቷ ላይ ቅሬታ አይታይም። ኑድልሱም ከሳምንቱ ምሳዎች አንዱ ሆኗል። ሽታው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሾፌሮቹ በመስኮቱ አንገታቸውን እያስገቡ «እትዬ፣ አፍንጫሽ እንዴት ሆነ?» ሲሏት፣ «መንገድ ላይ ነው መሰል፤ ሲደርስ ምሳ እናቀርብለታለን» ትላቸዋለች። ኑድልሱ ከተረሳ ሙጫ ነውና፣ ወሬውን እዚያው ትታ ውሃውን ልታጠነፍፍ ትሄዳለች።