ጠሪው ሲሳፈር

በተራራማዋ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ጠሪ አለ። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ሁሉም «ጋሽ አንድ ሰው» ይለዋል። አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ እንኳ እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» እያለ ስለሚጣራ ነው። አምኖት ሮጦ የገባ መንገደኛ ከባዶ ወንበሮች ጋር ይፋጠጣል። ተቆጥቶ ሊወርድ ሲል ጋሽ አንድ ሰው በሩን በሰፊ ትከሻው ዘግቶ ሌላውን እየጠራ ነው።

ዋና ከተማዋን ሲጠራ ፀጉሩ ሸበተ። ስለ ከተማዋ መንገደኛው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። በየትኛው በር መውጣት ይሻላል? ታክሲ የሚቆመው በየት በኩል ነው? እሱም እንደ ገዛ ጓዳው ይዘረዝርለታል። ከተማዋን ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

ምክንያቱን ከሚስቱ በቀር ያወቀ አልነበረም። ሰውዬው አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠ ሦስተኛውን ጠመዝማዛ አያልፍም፤ ያቅለሸልሸዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ባይነገር ይሻላል። አውቶቡስ ሲሞላ የኖረ ሰው አውቶቡስ ያስመልሰኛል ብሎ በየትኛው አፉ ይናገር? ስለዚህ «እኔ ከሄድኩ ማን ይጠራላችኋል?» ይላል። ልጁ ስትመረቅ ሚስቱ ሄደች። ልጁ ስታገባም ሚስቱ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ትነግረዋለች፤ እሱም በማግስቱ ለመንገደኛው ያድለዋል።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሞተች።

ዘንድሮ ልጁ ወለደች። ስልክ ደውላ ብዙ አላወራችም። «አባዬ፣ ድሮ እማዬ ስለ ሁለታችሁም ትመጣ ነበር። አሁን ማን ሊመጣልኝ ነው?» አለችው። ሳያስበው «እኔ» አለ። ካለ በኋላ ደነገጠ፤ ቃል ግን አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም።

የሚስቱን ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ትኬት ይዞ ብቅ ሲል ሹፌሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው። ጋሽ አንድ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ፈገግ ለማለት ሞከረ። በሁለተኛው ፊቱ አመድ መሰለ።

ምክር እንደ ጉድ ወረደለት። አንዱ ዓይንህን ጨፍን አለው፤ ሌላዋ ኧረ እንዳትጨፍን አለች። ሎሚ ከፊት መጣ፣ ፌስታል ከኋላ በቅብብል ደረሰ። የአውቶቡሱ ረዳት እንኳ ሳቁን መያዝ አልቻለም፤

«ጋሼ፣ ዕድሜ ልክህን ስታስገባ ኖረህ ዛሬ ልታስወጣ ነው?»

በሦስተኛው ጠመዝማዛ አላስችል አለው። «አውርዱኝ፤ በእግሬ እመለሳለሁ» አለ። ሹፌሩ አቆመ፣ በሩም ተከፈተ። ጋሽ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ቆመ። ከወረደ ልጁ ደጅ መቼም ላይደርስ ነው፤ ይህን እያወቀ አንድ እግሩን ዘረጋ። ታዲያ በር ላይ መቆም የለመደ ሰውነት አይደል? እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ጆሮው ሄደ፣ አፉም በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!»

ማቅለሽለሹ እንደ ጉም በነነ። ግራ ገብቶት እንደገና ጠራ፤ ላቡ ደረቀ። ሹፌሩ በመስታወት ሲያየው ቆይቶ እስቲ ዝም በል አለው፤ ዝም ሲል ፊቱ ገረጣ። እስቲ ጥራ አለው፤ ሲጠራ ደም ተመለሰለት። «በል እንግዲህ፣ እየጠራህ ትሄዳለህ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

በሩ ተዘጋ፣ የበሩ መስኮት ግን ተከፈተ፤ ጋሽ አንድ ሰው ቆሞ እየተጣራ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ገደሉን ጠራ። ድንጋዩን ጠራ። ሰው በሌለበት ጥሪ ሲበዛበት ረዳቱ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያለ ይሳለቅበት ጀመር። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጠሪው ትንፋሽ ሲያጥረው ያግዘው ጀመር። እሱ «አንድ ሰው!» ሲል የቀኙ ረድፍ «ብቻ!» ይላል፣ የግራው «የቀረው!» ብሎ ይዘጋል። ከተነሡ ጀምሮ ጋዜጣ የተከናነበው ኮስታራ ሰውዬ እንኳ ጋዜጣውን እንደ ጡሩምባ ጠቅልሎ ነፋበት።

አንዱን ኩርባ እንዳለፉ አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ተሸክመው እየሮጡ መንገዱ መሃል ገቡ። አውቶቡሱ ሲቆም ረዳቱ ሞልቷል እማማ አላቸው።

«ወዲያ ማዶ ሆኜ አንድ ሰው ሲባል ሰምቼ ነው የሮጥኩት» አሉ እያለከለኩ። «ውሸት ከሆነ ያ የጠራው ይውረድና ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።»

ሁሉም ጠሪውን አየ፤ ከዚያ ወንበሩን አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። ጋሽ አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ተገኘ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ፤ እማማ ወንበሩ ላይ ተደላድለው እሳቸውም መጣራቱን ተቀላቀሉ። ድምፃቸው ጆሮ ይበጥሳል።

ዋና ከተማዋ ስትታይ የጠሪው ድምፅ ሰለለ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ደግነቱ መንገዱ ቀጥ ብሏል። በመስኮቱ ሲያይ ሚስቱ የነገረችው ሁሉ ቦታው ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓቶች የተሰቀሉበት ግንብ፣ አንደኛው ሁልጊዜ የቆመ፤ በበጋም ውሃ የሚያንጠባጥብ ድልድይ። እንዳልሽው ነው ሊላት ወደ ጎኑ ዞር አለ። የሚወጣ ድምፅም አልነበረው፣ የምትሰማውም አልነበረችም።

መናኸሪያው በሰው ተጥለቅልቋል። ልጁ ስትደውልለት አነሳ፤ ከአፉ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። «ሄሎ? አባዬ? ሳትመጣ ቀረህ አይደል?» ብላ ዘጋች። ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆኖ በሩቅ አያት፤ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ መውጫው እየሄደች ነው። አፉን ከፈተ። ሰው ሲጠራ የኖረ ሰው የገዛ ልጁን መጥራት አቃተው።

«ምን ሆነህ ነው የቆምከው?» አሉ ከኋላው እማማ። በጣቱ አሳያቸው። «ልጅህ ናት?» አዎን ለማለት ራሱን ነቀነቀ። እማማ ዘንቢሉን አሸከሙት፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደገፉ።

«የጋሽ አንድ ሰው ልጅ!»

ከኋላ የቀኙ ረድፍ ተቀበላቸው፣ የግራው ደገመው፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን ለቀቀው። መናኸሪያው በሙሉ ዞረ። ልጅቷ ባለችበት ቆመች። በዚያ ስም እየቀለዱባት ትምህርት ቤት ስንት ቀን አልቅሳለች፤ እዚህ ከመጣች ወዲህ እንዲያ ብሎ ጠርቷት የሚያውቅ የለም። ዞር ስትል ግን እየሳቀች ነበር፤ ጉንጯም ረጥቧል።

በሩጫ መጣችና ሕፃኑን እጁ ላይ አኖረችለት። በጩኸቱ የባነነው ሕፃን አፉን ከፍቶ አንድ ጊዜ ሲለቀው ቅርብ የቆሙት ጆሯቸውን ያዙ። ረዳቱ፣ የአያቱ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም አለ።

ልጅቷ በየመስኮቱ የተንጠለጠለውን ተሳፋሪ አየች።

«አባዬ፣ ስንት ሰው ይዘህብኝ ነው የመጣኸው?»

ጋሽ አንድ ሰው ድምፅ የለውም። አንድ ጣቱን አነሳላት።