የጎረነነው ካፒቴን

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ነው የሚላት። መርከብ ቀርቶ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ውሃ ትፈራለች። ስሙን ያተረፈላት በወጣትነቷ የትንሹን ካፒቴን ድምፅ ሆና የተጫወተችበት ካርቱን ነው። ካርቱን ስል የሰሙኝ ሁሉ «የጃፓኖቹ ዓይነት አኒሜ ነው!» ብለው ይቆጡኛል፤ ይሁንላቸው። ምድር ከተቃጠለች በኋላ በከዋክብት መሐል ማረፊያ ስለሚፈልግ መርከብና አዛዡ ሲሞት መሪነቱ እላዩ ላይ ስለወደቀበት ትንሽ ልጅ የሚተርክ ነው። በዚያ ሥራ የወንድ ልጆችን ድምፅ የሚሰጡት ሴቶች ናቸው። የወንድ ልጅ ድምፅ ተከታታዩ ሳያልቅ ይጎረምሳል፤ የሴት ግን ይጸናል። ይጸናል ብለን ነበር።

ድምፅ መስጠት መተዳደሪያ ስላልሆናት አውቶቡስ መናኸሪያ ገብታ የመነሻ ሰዓት ተናጋሪ ሆነች። እኔም እዚያው ቲኬት እቆርጣለሁ። ካርቱኑን አይተው ያደጉት ልጆች ዛሬ ጢም አብቅለው፣ ሻንጣ ተሸክመው በመስኮቴ ሲያልፉ ቀና ብለው ድምፅ ማጉያውን ያዩታል። «ካፒቴኑ ናት አይደል?» ይሉኛል። አንዱማ እሷ ስትጣራ ፈዝዞ ሲሰማ፣ የተጠራለት አውቶቡስ ጥሎት ሄዷል።

ክፍል ሁለት ሊወጣ ነው የተባለ ጊዜ እነዚህ ሰዎች አበዱ። ግማሹ «አትንኩብን፣ የድሮው ይበቃናል» አለ፤ ግማሹ በደስታ አለቀሰ። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ካፒቴኑ ጎልምሶ ቢመጣም ድምፁ የእሷ ካልሆነ አናይም አሉ።

ያን ሰሞን በድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ሰማሁ። «የጠዋቱ አውቶቡስ» ስትል መሐሉ ላይ ድምፅዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ አለ።

«እትዬ፣ ጉሮሮሽ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ብርድ ነው ባክሽ።»

ብርዱ ከረመ። በእነሱ ሥራ ጩኸት ያለበት ክፍል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀዳው፤ ምክንያቱም ከጩኸት ቀን በኋላ ድምፅ አይገኝም። ስለዚህ ሲጎረንኑ ጥሩ ሠራን ብለው ይኮራሉ እንጂ ሐኪም አይፈልጉም። እህቴ ጭራሽ ደስ አላት። «ካፒቴኑ አድጎ የለ? ድምፄም አብሮት አደገለት» አለችኝ።

ካርቱኑን የሚሠራው ስቱዲዮ እህቴን አስጠርቶ ለቅምሻ ያህል አጭር ነገር ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ተመልካቾቹ በደስታ ምድር ጠበበቻቸው። «የስንት ዓመት መከራ ድምፁ ውስጥ ይሰማል!» «ጸጉሬ ቆመ!» አንዷ ደግሞ «መጨረሻው ላይ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ቦታ ልቤን ሰበረው» ብላ ጻፈች። እኔንም ሰብሮኛል። ትወና አልነበረማ፤ አየር አጥሯት ነው። የስቱዲዮው አለቃ ደውሎ «አደራ፣ ይህን ድምፅ እንዳትታከሚብን!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ጎትቼ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሲቀልድ ቆይቶ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገብቶ ሲያይ ቀልዱን ተወ።

«እብጠት አለ። መልኩን አልወደድኩትም፤ ቶሎ መውጣት አለበት። ድምፅዎ እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም» አላት።

ደረጃውን ስንወርድ «ቀረጻው ይለቅና እናያለን» አለች።

«ብትሞቺስ?»

«ያለዚህ ድምፅ እኔ ማን ነኝ?»

ለመንኳት፣ ተሳደብኩ፣ አኮረፍኳት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አብረን ስንበላ እንኳ የእኔ ዓይን የምትውጥበት ጉሮሮ ላይ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእህቴ በሽታ መች ተደበቀ? አገር ሁሉ ሰምቶ አጨበጨበለት እንጂ።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጇ ሚጢጢ እኛ ዘንድ ዋለች። ገና መራመድ መጀመሯ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ትጎትታለች። እህቴ ከጠረጴዛው ማዶ የካፒቴኑን ንግግር ታጠናለች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ልብስ አጥፋለሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው አላማረኝምና ብቅ ብዬ አየሁ። እህቴ ብድግ ብላ፣ አንገቷ ተገታትሮ፣ አፏን በሰፊው ከፍታለች፤ ምንም ድምፅ የለም። ሚጢጢ ጠረጴዛው ላይ የሚንተከተከውን የውሃ ማፍሊያ ገመድ ይዛ ወደ ራሷ ትስባለች።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ልጅቷን ስነጥቃት የፈላው ውሃ ወለሉና እግሬ ላይ ፈሰሰ። ሚጢጢ ደንግጣ ቤቱን በለቅሶ ሞላችው። እህቴ ጉሮሮዋን በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች።

«ጮህኩ እኮ» አለች በሹክሹክታ። «እየጮህኩ ነበር እኮ!» ቆየት ብላም «ውሰጂኝ» አለችኝ።

በቀዶ ጥገና የወጣላት እብጠት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ሥር ሳይሰድ ግን ተደርሶበታል። ሐኪሙ በየጊዜው እየተመላለሰች እንድትታይ አዘዛት፤ ቀጠሮዋ በቀረበ ቁጥር እኔ እህል አይወርድልኝም። እንድትናገር ሲፈቀድላት ከአፏ የወጣው ወፍራምና ደረቅ፣ የማላውቃት ሴትዮ ድምፅ ነበር። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ጢማሞቹ ቀና ብለው የሌላ ሰው ድምፅ እየሰሙ ያልፏታል። መታመሟን ልንገራቸው ብላት «እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም» አለች። እነሱም ክፍል ሁለትን የተወችበትን ምክንያት ስላላወቁ «ተኮፈሰችብን፣ ከዳችን» ብለው ጻፉባት።

ክፍል ሁለት የታየ ቀን አዳራሽ ገብቼ ልየው አለች። ታዝናለች ብዬ እየፈራሁ ተከተልኳት። የካፒቴኑን ድምፅ የሰጠው አንድ ጎልማሳ ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም። ከእህቴ ጎን የተቀመጠው ጢማም ሰውዬ ግን ከመጀመሪያው ሲቁነጠነጥ ነበር። ካፒቴኑ አሮጌ መርከቡን ሲሰናበት ሰውዬው «ኤጭ! የድሮዋ ሴትዮ ብትሆን እንዲህ አትለውም ነበር» ብሎ አጉረመረመ።

እህቴ ወደ እሱ ዘንበል አለች።

«እንዴት ትለው ነበር?» አለችው በዚያ በደረቀ ድምፅዋ።

ወደ ኋላ ልመልሳት እጇን ያዝኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ ተቀመጠ። አየር ሳበና ጉሮሮውን አቅጥኖ «ደህና ሁኚ መርከቤ፤ የቀረውን በእግሬ እሄደዋለሁ» አለ። አየር አሳሳቡ፣ «መርከቤ» የሚለውን ማስረዘሙ፣ ሁሉም የእሷ ነበር። የሃያ ዓመቷ እህቴ ከጢም መሐል ወጥታ ተናገረች።

እህቴ ክንዱን ነካ አደረገችው።

«ቁርጥ እሷን» አለችው።

«እርስዎም ይወዷት ነበር እንዴ?»

«በጣም» አለች እህቴ።