በአናት የተፈተነ ቅቤ

ከደባርቅ ገበያ የገዛሁትን ቅቤ ዛሬ ለልጅ ልጄ ገንፎ ሳቀልጠው፣ ቤቱን የሚረጋ ዘይት ሽታ ሞላው።

ልጅ ሳለሁ ዳባት ገበያ አንዲት ነጋዴ ከእናቴ ቅቤ ገዝታ፣ ዘይት ደባልቃ ሸጠችው። ገዢዎቿ ሲነቁባት ወደ እናቴ ጠቁማ፣ "ከእሷ እኮ ነው የገዛሁት" አለች። ሰው ከበበን። እናቴ ሻሿን ፈታች። ከቅሏ ለጋ ቅቤ ዝቃ አናቷን ተቀባች፤ እኔንም ቀባችኝ፤ አናቴ ቀዘቀዘ።

"በይ እሜቴ፣ አንቺም ከሸጥሽው ተቀቢ" አለቻት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች።

"ይህን እንዳትረሺ" አለችኝ እናቴ። እኔ የሴትዮዋን ፊት መስሎኝ አፍጥጬ አየኋት። የሸጡትን በራስ አናት የማስቀባቱን ፍርድ ማለቷ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ነገ የደባርቅ ገበያ ነው። የተረፈውን ቅቤ ይዤ እሄዳለሁ። ይህን የሸጠችልኝ ሴት፣ ስገዛ እንዳየኋት፣ አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ራሷ ካልተቀባች እኔ እቀባታለሁ።