አሮጌው ሽጉጥና የእናቴ ቋጠሮ

ስልኬ ሲጠራ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እየጠረግሁ ነበር። የደወለው የክፍላችን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው።

«ሻምበል፣ አዲሶቹ ሽጉጦች ገብተዋል» አለኝ። «አሮጌውን የያዘ ሁሉ እስከ ሰኞ ያስረክባል። ያላስረከበ ይጠየቃል። እስቲ ያንተን ቁጥር አንብብልኝ፣ ከመዝገቡ ጋር ላመሳክረው።»

ቀኑ ቅዳሜ ነው። እኔ ደግሞ ፈቃድ ላይ ሆኜ ሐይቅ ከተማ ነኝ፤ ሰኞ ክፍሌ ለመድረስ እሑድ ማለዳ መነሳት አለብኝ። «ቆየኝ፣ መልሼ ልደውልልህ» አልኩትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ያ ሽጉጥ ወገቤ ላይ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። ክፉ አልናገረውም፤ ግን ወድጄውም አላውቅም። ሰው ቤት ስገባ ከእኔ ፊት ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። እናቴማ ስሙንም አትጠራውም፣ «ያ ነገርህ» ነው የምትለው። ከመንገድ ስገባ የምታቅፈኝ በግራ በኩል ብቻ ነው፤ እሱ ያለበትን ቀኝ ጎኔን አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ቤት ስደርስ ጥይቱን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፣ ሽጉጡን ከነቆዳ ማኅደሩ በእናቴ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። የሣጥኑ ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቷል። በመጣሁ ቁጥር ላሠራው እላለሁ፣ ረስቼው እመለሳለሁ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። የእናቴ ቀሚሶች አሉ፣ የአባቴ ኮት አለ፣ ሽጉጡ የለም።

ልብሱን ሁሉ አውጥቼ አራገፍኩ፤ የለም። በደህና ቀን ቢሆን ጠፋ ብሎ ማመልከት ይቻል ይሆናል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ሽጉጥ ጠፋኝ የሚል መኮንንን ማን ያምነዋል? ሸጠው ነው የሚባለው። የሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ፣ ማዕረጌ፣ የልጆቼ እንጀራ፣ ሁሉም እዚያ ባዶ ሣጥን ውስጥ ታየኝ።

እናቴ አርብ ጠዋት ለለቅሶ ከውጫሌ ወዲያ፣ አምባሰል ገጠር ሄዳለች። ደወልኩላት። ስልኳ እዚያው ቤት፣ መደቡ ላይ፣ ቻርጅ እንደተሰካ ጮኸ። ደግሞስ እሷ ያንን ነገር በእጇ ትነካዋለች? አልመሰለኝም። ሐሙስ ዕለት እኔና እህቴ በሰላም አገራችን ገባን ብላ ዱዓ አስደርጋ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነው የዋለው። ለእኔ ዕድሜና ጤና ሲለምኑ «አሚን» ያልኩላቸውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያሰብኩ መጠርጠር ጀመርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የእህቴ ነገር ነው። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወር አልሞላትም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩና ልብሷን ዘረገፍኩት። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አልጮኸችም።

«ፈትሽ» አለችኝ። «ከሰው ቤት ስወጣም ተፈትሼ ነው የወጣሁት። ለምጄዋለሁ።»

ልብሷን እንደ ተዘረገፈ ትቼው ወጣሁ።

ግቢ ውስጥ የጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ። ክርስቲያን ባልቴት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው የተጎራበቱት። ስተራመስ ሰምተው መጥተው ኖሯል። «እትዬ፣ ሽጉጤ ጠፋብኝ፤ እዚህ ግቢ ሽጉጥ አይተዋል?» አልኳቸው።

«ሽጉጥስ አላየሁም ልጄ» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው አብረውኝ ፈለጉ። የማሽላውን ጆንያ በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን አነሳን። መሀል ላይ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና፣ «አብሽር፣ እናትህ ትምጣ ብቻ» አሉኝ። ቆይተው ደገሙት። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ እናቴ ብትመጣ ምን ታደርግልኛለች? ሰኞ እኮ ነው የምታሰረው።»

«እናትህ ትምጣ» አሉኝ አሁንም፣ ዓይናቸውን ጆንያው ላይ አድርገው።

የመጨረሻውን አማራጭ ያዝኩ። በሚኒባስ ውጫሌ፣ ከውጫሌ በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁ። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ሽጉጤ የት ነው አይባልም። ድንኳን ገብቼ «አላህ ይዘንለት፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» አልኩ፤ የቀረበልኝንም ቀማመስኩ። ተቀምጬ ስቁለጨለጭ እናቴ ከሴቶቹ መሀል አየችኝና ወደ ድንኳኑ ደጅ ጠራችኝ።

«ልጄ፣ ምነው ፊትህ?»

«ያ ነገሬ ከሣጥኑ የለም።»

«እህ፣ እሱ ነው?» አለች፣ የማሰሮ ክዳን የጠየቅኋት ይመስል። «ዱዓ የሚደረግበት ቤት ውስጥ ብረት ይቀመጣል እንዴ? ሐሙስ አንተ ዓሣ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ስትወርድ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቋጥሬ፣ ከጎረቤቴ ዘንድ አማና ብዬ በአደራ አስቀመጥኩት። ልመልሰው ስል የለቅሶው መርዶ መጣ።»

«ከየትኛዋ ጎረቤትሽ?»

«ስንት ጎረቤት አለኝ?»

«እማዬ፣ እሳቸው እኮ ጠዋት አብረውኝ ጆንያ ሲያነሱ ነበር!»

እናቴን ነገሩ አላስገረማትም። «ታዲያ አማና ይወራል? ሰጪው ሳይመጣ ለልጅም አይሰጥም። ምን ታድርግ፣ እስክመጣ አብራህ ፈልጋለች።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። ለቅሶ ቤት በመሆኑ ማንም አልታዘበኝም።

ከሰዓት በኋላ ተያይዘን ሐይቅ ደረስን። እትዬ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ገቡና ከሽምብራው ጎታ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው አንድ ቋጠሮ አወጡ። ለእኔ አልሰጡኝም። ለእናቴ ዘረጉላት።

«ቋጠሮሽን እዪው።»

እናቴ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። በማንም ያልተነካ የራሷ ቋጠሮ ነው። «አላህ ይስጥልኝ» አለች። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ ያሳለፈችው።

«እትዬ፣ አላየሁም ብለውኝ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አላየሁማ። የሰው ቋጠሮ ይፈታል?»

«ክብደቱስ አልነገረዎትም?»

«ነግሮኛል» አሉ። «ለዚያ አይደል እናትህ ትምጣ ስልህ የዋልኩት?»

ፈታሁት። እዚያው ቆሜ ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደወልኩና ቁጥሩን አነበብኩለት። «ትክክል ነው» አለኝ። አንዲት ቃል እንዲህ ደስ ብላኝ አታውቅም።

ቀጥዬ ወደ እህቴ ሄድኩ። «አፉ በይኝ» አልኳት። የተዘረገፈውን ልብሷን አሳየችኝ።

«እንደነበረ አጥፈህ መልሰው» አለች። አንድ በአንድ አጠፍኩ። ውትድርና ልብስ ማጠፍ ያስተምራል፤ እሷ ግን ሁለቱን ሸሚዝ አስደገመችኝ፣ ሦስተኛውን ሳጥፍ ሳቀች። የዚያን ዕለት እውነተኛው እፎይታዬ ይኼ ነው።

ሰኞ አስረከብኩ። ኃላፊው ከሽጉጡ የቆዳ ማኅደር ውስጥ አንዲት ሽምብራ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና አየኝ። «የኔ አይደለችም» አልኩት። አዲሱ ሽጉጥ ቀላል ነው፣ እጅ ላይ ይመቻል። ከእሱ ጋር አዲስ መመሪያም መጥቷል፦ ፈቃድ የሚወጣ ሰው ሽጉጡን ግምጃ ቤት አስፈርሞ ትቶ ይሄዳል። ጓደኞቼ አጉረመረሙ። ባዶ ወገብ ይዘን በዚህ መንገድ እንዴት እንሄዳለን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ መንገዱ የሚታመን አይደለም። እኔ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሸክም እንደወረደለት ሰው ትከሻዬን አፍታታሁ።

በሚቀጥለው ፈቃዴ ሐይቅ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ እንደ ልማዷ በግራ በኩል መጣች። እጆቼን ዘረጋሁ።

«እማዬ፣ ዛሬ የለም።»

ቆመች። እጇን ሰደደችና ቀኝ ወገቤን ዳበሰችው፣ ያንን ቋጠሮ እንደዳሰሰችው።

«አማና ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

«ጠባቂው ደህና ሰው ነው?»

«ራሴ ካልሄድኩ ለማንም አይሰጥም።»

«መርሐባ» አለች። ከዚያ ዞራ በቀኝ በኩል መጣችና አቀፈችኝ።