ጥርስ የሌለው ደም መጣጭ

ዛሬ ጠዋት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስጎረጉር እጀታዋ የተጣመመ ትንሽ የሻይ ማንኪያ እጄ ገባች። ጠርዟ ላይ የደረቀ ነገር ተጣብቋል፤ አጥሚት ይሁን ሾርባ አላውቅም። ገና ሳየው ሆዴ ተገለባበጠ፣ አፌን ምራቅ ሞላው፣ መልሼ ወረወርኳት። ከዚያ አፈርኩና አነሣኋት። አባቴ በመጨረሻዎቹ ወራት የበላባት ማንኪያ ናት። ባየኋት ቁጥር ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አባቴ አይደለም፤ ያ የተረገመ ፊልም ነው።

ስማኝ፣ እኔ ቶሎ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው ነኝ። እንጀራ ላይ ፀጉር ካገኘሁ ሦስት ቀን እህል አይገባልኝም። ሰው ጠጥቶ ባስቀመጠው ብርጭቆ ውኃ ከምጠጣ ጥም ቢገድለኝ ይሻለኛል። ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ዓሣ ነበር፤ ያ አተላ አተላ የሚል ሽታው፣ ያ የማይከደን ዓይኑ። አባቴ «ሐይቅ ተወልዶ ዓሣ የሚጸየፍ! ምን ዓይነት ጉድ ወለድኩ እናንተዬ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ያማኝ ነበር።

ይኸው ዓሣ የሚጸየፈው እኔ ነኝ እንግዲህ ዓሣ የምትበልት ልጅ የወደድኩት። ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ሾላ ሥር ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ትበልት ነበር። እጇ ከመፍጠኑ የተነሣ ቢላዋው አይታይም። የሚፈናጠረው ቅርፊት ክንዷ ላይ ይለጠፍና ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። እኔ ሽታው እንዳይደርስብኝ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ራቅ ብዬ ቆሜ አያታለሁ። እሷም ነገሩ ገብቷት ነበር። ከመገናኘታችን በፊት ሎሚ ለሁለት ቆርጣ ከጣቷ እስከ ክርኗ ድረስ ታሸው ነበር። ከሩቅ የሎሚው ሽታ ሲመጣ ልቤ ይመታል። አሁንም ድረስ ገበያ ውስጥ ሎሚ ሻጭ አጠገብ ሳልፍ እርምጃዬ ይዘገያል።

እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። በእኛ አገር ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል። ዓሣ ግን አራጅ አይጠይቅም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ይህን እያነሣች ትቀልድብኝ ነበር።

«አብረን የምንበላው አንድ ሥጋ አላህ ቢሰጠን እሱንም ተጸየፍከው» ትለኝ ነበር።

ሃይማኖቱ አላስጨነቀንም፤ በወሎ ስንቱ ተጋብቶ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። አባቴም «ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ሽማግሌውን ለኔ ተወው» ብሎኝ ነበር። የቀረው እሷን መጠየቅ ብቻ ነበር። አፌ አልፈታ ቢለኝ ጊዜ ፊልም ላሳያት ወሰንኩ። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ሐይቁ እየወረድን እነግራታለሁ ብዬ፣ የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አደርኩ።

ቪዲዮ ቤቱ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የላብና የእግር ሽታ ይነሣል፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን የኦቾሎኒ ገለባ በሞላው ወለል ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ተርጓሚው ቴሌቪዥኑ አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጥና ፈረንጆቹ የተናገሩትን ሁሉ በማይክ ወደ አማርኛ ይመልስልናል፤ ያልተናገሩትንም ይጨምርበታል። የዚያን ቀን በሩ ላይ «የፍቅር ፊልም» ብሎ ለጥፎ ነበር።

ፍቅርስ ፍቅር ነበር። ግን ሰውየው ደም መጣጭ ነው። እኛ ደግሞ ደም መጣጭ ሲባል መልከ መልካም፣ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ አንገት የሚነክስ ነው የምናውቀው። ይሄኛው አርጅቶ ጥርሱ ሁሉ የረገፈ ነበር። ድዱ ነጭ፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ የገባ፣ አገጩ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ነገር አለ። የምትወደው ሴት ጣቷን በመርፌ ትወጋና ደሟን በሻይ ስኒ ታጠራቅማለች። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። በማንኪያ! እሱ በድዱ ይመጠምጠዋል፤ ግማሹ በአገጩ ይወርዳል። እሷ ያንን በአውራ ጣቷ ትጠርግለትና መልሳ አፉ ውስጥ ትከተዋለች።

ቤቱ ታመሰ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ምራቁን ቱፍ አለ። «በስመ አብ» የሚለውና «አስተግፊሩላህ» የሚለው ተደባለቀ። ተርጓሚው ሰው ተነሥቶ እንዳይወጣበት ፈርቶ ፊልሙን አቆመው። ያኔ አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ነጋዴ ከጥግ ተነሡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የየትኛው ወገን ነው? የኛ ነው የናንተ?»

«የኛስ አይደለም» አለ ከኋላ አንድ ዲያቆን። «ደም እርም ነው።»

«የኛም አይደለም። ሐራም ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እንግዲያው የፈረንጅ ነው» አለ ተርጓሚው፣ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ፤ ፊልሙንም ቀጠለው።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ አፍ የተጸየፈው ፊልም ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከዚያ በፊት መታየቱን እንጃ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሲወጡ «እሱስ ታሞ ነው እንበል፤ እሷን ምን ነካት?» አሉ። ብዙው ሰው ተከትሏቸው ወጣ። እኔም አብሬያቸው በወጣሁ ደስ ባለኝ። ዞር ስል ግን ልጅቱ ታለቅሳለች። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ተርጓሚው ለቀረነው ጥቂት ሰዎች ድምፁን ዝቅ አድርጎ «‹አልወሰድክብኝም፤ የሰጠሁህ እኔ ነኝ› እያለችው ነው» አለን።

ስንወጣ ብርሃኑ ዓይን ይወጋ ነበር። አንድ ባጃጅ አቧራውን አልብሶን አለፈ። ወደ ሐይቁ መውረድ ስንጀምር የተለማመድኩትን ሁሉ ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ወላሂ እኔም ብሆን አጎርሰዋለሁ» አለችኝ። «የወደዱት ሰው ይጸየፉታል እንዴ?»

ይህን ብላ ሳቅ አለችና፣ ከንፈሬ ላይ የቀረ የኦቾሎኒ ገለባ አይታ በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝ። ልክ እንደዚያች ሴት። ወደ ኋላ ዘለልኩ። ደሙ፣ ድዱ፣ ያ እርጥብ አገጭ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ፊቴን አዙሬ ተፋሁ። መንገድ ዳር፣ እሷ ፊት፣ ከንፈሬን በእጅጌዬ እየፈተግሁ ተፋሁ።

ቀና ስል አውራ ጣቷን እያየች ቆማ ነበር። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ሎሚ እኮ ነው የሚሸተው» አለች።

የተለማመድኩትም ሁሉ ምላሴ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ሾላው የሚወስደው መንገድ ከበደኝ። በዓመቱ የወልዲያ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ሰው አገባች። ሰው ሁሉ ሃይማኖት አለያያቸው ብሎ ያዝንልን ነበር፤ እኔም አላረምኩትም። ያለያየን ግን ይኸው ሆዴ ነው።

ዓመታት አለፉ። አባቴ አንድ ጠዋት ከአልጋው መነሣት አቃተው። ግማሽ ፊቱ ወርዶ፣ አፉ ተጣሞ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ጥርሱ ድሮ አልቋል። ማጉረሱ የእኔ ዕጣ ሆነ። እጄን ዘርግቼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማጎርሰው። አጥሚቱ በአገጩ ሲወርድ ድምፁን እሰማለሁ፤ አላይም። በሦስተኛው ቀን አፉን ዘጋ። ሐኪሙ ጉሮሮው ደህና ነው ቢለኝም እኔ ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ አባቴ ፊቴን አይቷል። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ፤ የሚገድለውም የኔ መጸየፍ እንደሆነ አወቅሁ።

በዚያን ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። እሷም መጣች፤ በሳህን የተከደነ የዓሣ ሾርባ ይዛ። ወፈር ብላለች። ሎሚ አትሸትም ነበር፤ ዓሣ ዓሣ ነበር የምትሸተው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ይህችን ማንኪያ አነሣች።

«አብሽር አባባ» አለችው። «እኔ ነኝ፣ ያቺ ዓሣ ሻጭ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ጉርሻ ግማሹ ፈሰሰ፤ አባቴ በሐፍረት ዓይኑን ጨፈነ። እሷ በአውራ ጣቷ ጠረገችለትና «እጄ ነው፣ እኔ ነኝ ያፈሰስኩብህ» አለችው። ሁለተኛውም ሲፈስ «አሁንም እኔ ነኝ» አለችው። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፣ ሾርባውንም እስከ ግማሽ ጠጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ ያንን የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት በሐሳቤ አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን ፊልም የምጸየፈው በሌላ ምክንያት ነው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር መንገድ ዳር ፊቷ የተፋሁባት እሷም አብራ ስለምትመጣብኝ ነው።

ማንኪያውን አቀበለችኝ። «ፊትህን አታዙርበት» አለችኝ። «ዓይን ዓይኑን እያየህ አጉርሰው።»

ለመሄድ ስትነሣ የምትታጠብበት ውኃ አመጣሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሎሚም ለሁለት ቆርጬ በሳህን አቀረብኩላት። ሎሚውን አየችው።

«አሁንስ ለማን ብዬ?» አለችኝ። ሳቋ ያው የድሮው ነበር። እጇን በውኃ ብቻ ተለቃልቃ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ ወጣች። ሎሚው ሳህኑ ላይ ቀረ።

ከወጣች በኋላ አባቴ በተጣመመ አፉ አንድ ነገር ለማለት ታገለ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከታመመ ጀምሮ ከአፉ የወጣች የመጀመሪያዋ ቃል ነበረች።

«ሞኝ» አለኝ።

ማንኪያውን ሞላሁና ዓይን ዓይኑን እያየሁ ወደ አፉ አቀረብኩ። በአገጩ ወረደ። በአውራ ጣቴ ጠረግሁለት። ሆዴ እንደ ልማዱ ተገለባበጠ፤ ዋጥ አድርጌው «እኔ ነኝ ያፈሰስኩብህ» አልኩት። አባቴም አፉን ከፈተልኝ።