በመቃኑ ላይ የቀረ ጠመኔ

ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቁጡው» ይሉኛል። አልተሳሳቱም። የጥናት ዘዴ ሳስተምር፣ የመረጃ ሰጪን ምስጢር ስለመጠበቅ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ፊቴ ይለዋወጣል። ያዛጋ ካየሁ ከክፍል አስወጣለሁ። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። የሚያናድደኝ እነሱ አይደሉም፤ እኔው ነኝ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስገባ አንድ የገጠር ቀበሌ አለ። ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ስለሚወርዱ ወጣቶች አጠና ነበርና ስምንት ተማሪዎች ይዤ ሄድሁ። ለገበሬው የመሬት ደብተር ለመስጠት የቀበሌው ኮሚቴ ገመድ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚለካበት ዘመን ነው። ከቀበሌው ርቆ የኖረ ሰው መሬቱን ይነጠቃል የሚለው ወሬ በየቤቱ ገብቷል። ወሬውን እኔም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው እንግዲህ የሠራሁትን የሠራሁት።

የቤት ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ ጎጆው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከክረምት በኋላ ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ እንዳንደናገር ብዬ፣ ልጅ የሄደበትን ቤት ሁሉ መቃኑ ላይ በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት እንዲያደርጉበት ተማሪዎቼን አዘዝሁ። መጠይቁ ላይ ግን የማንም ስም እንዳይጻፍ አጥብቄ ከለከልሁ። የተሞላውን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ከኪሴ አልለይም ነበር። ምስጢሩን በሰው በር ላይ ጽፎ ወረቀት የሚቆልፍ ምሁር ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

ከቤቶቹ አንዱ የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ነበር። ልጃቸው የት እንዳለ ስጠይቃቸው ቅኔ ሊማር ሄዷል አሉኝ። በጎጃም ይህን ማንም አይጠረጥርም። እኔ ግን ሰው ማውጣጣት የተማርሁ ነኝ፤ የትኛው ደብር፣ መምህሩ ማን ናቸው፣ ስንቁን ማን ያደርሳል እያልሁ አፋጠጥኋቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እውነቱን ነገሩኝ። ልጁ ሁመራ ከወረደ ሦስት ዓመቱ ነው። ከአባቱ የወረሳትን አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር መሆኗ ነው፣ እሳቸው ለሌላ ሰው በእኩል እየሰጡ በርበሬ ያስዘሩባታል። ሲመለስ ሚስት አግብቶ ጎጆ የሚወጣው በእሷ ነው፤ ሌላ የለውም። ለቀበሌ እንዳልናገር አስማሉኝ። ማልሁላቸው።

ስንወጣ አብራኝ የነበረችው ተማሪዬ መቃኑ ላይ ምልክቱን አደረገች። እኔም እንደ ሌላው ቤት ሁሉ፣ እስክንመለስ እንዳያጠፉት ነገርኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ መንግሥት የላከው የሚመስል ሰው ያዘዘውን ማን ይጠይቃል። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ወደ ከተማ በምንመለስበት ቀን ጠየቀኝ። እኔም ዘዴዬን ያደነቀልኝ መስሎኝ ከሀ እስከ ፖ አስረዳሁት።

በጥቅምት ስንመለስ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«መምህር፣ ሥራችንን አቀለላችሁልን። ከዝናቡ የተረፈውን ምልክት እያየን ነው የዞርነው» አለኝ።

ጮኽሁበት። ሰውዬው ከልቡ ግራ ገባው፤ እኛም እናንተም የምንሠራው ለአንድ መንግሥት አይደለም ወይ አለኝ። እንዲህ ሲል ተንኮል እንኳ የለበትም፤ ተንኮለኛ ቢሆን በተሻለኝ። ወረዳ ድረስ ሄጄ፣ የተነጠቀው መሬት እንዲመለስ ጉዳዩን የሚይዘውን ሠራተኛ ለመንሁት። ኮሚቴው የወሰነውን እንደማይነካ ነገረኝና፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ያንን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጠልቼው አላውቅም። የሚከሰሰውማ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ጠመኔውን ያደልሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቀበሌው ተመልሼ በየቤቱ አለፍሁ። ከአብዛኛው መቃን ላይ ጠመኔው የለም። አንዱ ቤት ሲመረግ ጠፍቷል፣ ሌላውን ክረምቱ አጥቦታል። ዝናብ ያጠበላቸው መሬታቸውን አትርፈዋል። ቃሌን ያላከበሩት ሁሉ ተጠቅመዋል።

የእኒያ እናት መቃን ላይ ግን ምልክቱ ዛሬ የተደረገ ይመስል ነጭ ነው። ከላዩ የማዳበሪያ ጆንያ በምስማር ተመትቶ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ምልክቱን ያየሁት ነፋስ ጠርዙን ሲገልበው ነው።

ከደጅ ሆኜ ማሳዋን አየኋት። ሌላ ሰው እሾህ ቆርጦ አጥሯታል፤ ቀይ በርበሬው አጥሩ ውስጥ ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ። እንዲረግሙኝ እፈልግ ነበር። ቢረግሙኝ እኔም የምለው አላጣም ነበር፤ ቀበሌውን፣ ወረዳውን፣ ደንቡን እየጠራሁ እከራከር ነበር። እሳቸው ግን ስለ መንገዱ፣ ስለ ተማሪዎቹ ደኅንነት ጠየቁኝ። ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው፣ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ እንደላከባቸውና መሬቷ መወሰዷን ግን እንዳልነገሩት አጫወቱኝ።

ከዚያ ተነስተው ጆንያውን ገለጥ አደረጉት።

«ዝናብ እንዳይነካው ከልዬው ነበር፤ እስክንመለስ ብላችሁኝ የለ» አሉኝ። «እንግዲህ ጨርሳችሁ እንደሆነ፣ ላጥፋው?»